ካፌይን ልትለኪ ለተነሳሽው ለእኅቴ ልጅ

የመመረቂያ ሥራሽ በናኖ ቁስ በተለበጠ ኤሌክትሮድ ካፌይን መለካት ሆኖ መጽደቁን እናትሽ ስትነግረኝ ከልቤ ሳቅሁ። ካርቱም፣ ጀሪፍ ሰፈር ውስጥ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ዕድሜዋን ቡና ስትቀዳ የኖረች ሴት፣ ልጇ ያንኑ ስኒ ይዛ ባሕር ዳር ቤተ ሙከራ ገባች። «እኔ አፈላሁት፣ እሷ ደግሞ ምን ልታደርገው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ካርቱም በአንድ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ሆኜ ያረጀሁ ሰው ነኝና ምክር ጻፍልኝ ማለትሽ አልከበደኝም። በቁጥር ይሁን ስላልሽ ቆጥሬዋለሁ።

1. ከኤሌክትሮዱ በፊት ጥያቄሽን አጥብቀሽ ያዢ።

በዚህ ሙያ የማየው ትልቁ በሽታ ቅደም ተከተሉ መገልበጡ ነው። ተማሪው መጀመሪያ ግራፊን ወይም የካርቦን ናኖቲዩብ ያገኛል፤ ቀጥሎ «በዚህ ምን ልለካ?» ይላል። ካፌይን ርካሽ ነው፣ ለአያያዝ አያስቸግርም፣ ቡናም በየሱቁ አለ፤ እንግዲያው ካፌይን ይሁን ይባላል። ጽሑፉ ሲወጣ መግቢያው ላይ ካፌይን ለጤና ይጠቅማልም ይጎዳልም የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይሰካና በዚያው ይታለፋል። ማን ጠየቀ? መልሱስ ለማን ይደርሳል? ወሬው የለም።

ጀሪፍ ላይ ግን ጠያቂ ሞልቶ ነበር። አንቺም ከትምህርት ቤት መልስ እናትሽ አጠገብ ቁጭ ብለሽ ሰምተሻቸዋል። ዓባይ ዳር ካሉት የጡብ ምድጃዎች ለሌሊት ሥራ የሚገቡት ሰዎች እንቅልፍ የሚያባርር ወፍራም ጀበና ይሻሉ። ነፍሰ ጡሯ ጎረቤት ሁለተኛ ስኒ ብትደግም ጽንሱን ይጎዳው እንደሆነ ትጠይቃለች። ከገዳሪፍ ጆንያ የሚያስመጣው ነጋዴ ደግሞ በመተማ የገባው የሐበሻ ቡና ከኡጋንዳ ሮቡስታ ጋር ተቀይጦ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል።

እነዚህ ጥያቄዎች አንድ ዓይነት ልኬት አይፈልጉም። ለነፍሰ ጡሯ የሚያስፈልገው በአንድ ስኒ ስንት ሚሊግራም እንዳለ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው አስተያየት ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊግራም፣ ለነፍሰ ጡር እስከ 200 ሚሊግራም ስጋት የለውም ብሏል። ለእሷ ልኬትሽ በመቶ አሥር ቢሳሳት እንኳ ምክሩ አይለወጥም። ነጋዴው ግን ሌላ ነገር ነው የጠየቀሽ። ሮቡስታ ከአረቢካ እጥፍ የሚጠጋ ካፌይን አለው፤ ቅይጡ ጥቂት ከሆነ ግን ልዩነቱ በአረቢካ ዝርያዎች መካከል ካለው ልዩነት ጋር ይምታታል። ካፌይን ብቻውን ጥርጣሬ ይሰጠዋል እንጂ ፍርድ አይሰጠውም። ይህንን ለነጋዴው ፊት ለፊት መንገር ሳይንስሽ ውስጥ ይቆጠራል።

2. ስሌቱን በወረቀት ጀርባ ሥሪ፤ ያኔ ብዙ ውድድር ትርጉም እንደሌለው ታያለሽ።

ጽሑፎቹን ስታነቢ ሁሉም የሚፎካከሩት ዝቅ ያለ መጠን በማየት ነው። አንዱ ማይክሮሞላር ቢል ሌላው ናኖሞላር ይላል፤ መጨረሻ ላይ ያለው ሰንጠረዥ የእኔ ከሁሉም ያንሳል ለማለት የተሠራ ነው። አሁን እናትሽ ወደምትቀዳው ስኒ ተመለሺ። 60 ሚሊ ሊትር ስኒ ውስጥ 60 ሚሊግራም ካፌይን አለ እንበል። ይህ በሊትር 1 ግራም ነው። የካፌይን ሞላር ክብደት 194.19 ስለሆነ ስኒው 5.15 ሚሊሞላር ገደማ ይሆናል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የተሠራው የሊግኒን ኤሌክትሮድ፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ፣ የሚያየው ዝቅተኛ መጠን 0.837 ማይክሮሞላር ነው። ስኒው ከዚያ ከ6000 እጥፍ በላይ ይበልጣል! የኤሌክትሮዱ ቀጥተኛ መስመር የሚያልቀው 100 ማይክሮሞላር ላይ ስለሆነ ቡናውን ከሃምሳ ጊዜ በላይ፣ ይመረጣልም መቶ ጊዜ፣ ሳታቀጥኚ ልትለኪው አትችዪም። እንግዲህ ለቡና ብለሽ ናኖሞላር የምታሳድጂበት ምክንያት የለም።

ዝቅተኛው መጠን የሚያስፈልግበት ቦታ ግን አለ፤ ወንዝ ነው። ካፌይን የሰው ፍሳሽ ወደ ውሃ ለመግባቱ ምልክት ሆኖ ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት በ104 አገሮች 258 ወንዞች ላይ የመድኃኒት ቅሪት ለክቶ ነበር። በብዛት ከተገኙት ሦስት ቁሶች አንዱ ካፌይን ሲሆን፣ በአማካይ ድምር መጠን ከላሆርና ከላፓዝ ቀጥላ ሦስተኛ የወጣችው አዲስ አበባ ናት፤ በሊትር 51.3 ማይክሮግራም። ያ የሁሉም ቅሪቶች ድምር ነው። የሊግኒኑ ኤሌክትሮድ ዝቅተኛ መጠን ወደ ክብደት ሲቀየር በሊትር 163 ማይክሮግራም ያህል ስለሚሆን፣ የአዲስ አበባ ወንዝ ውስጥ ካፌይኑን ጨርሶ አያየውም። ያው አንዱ መሣሪያ ለስኒው ከሚገባው በላይ ስለታም፣ ለወንዙ ዕውር ነው። ሰንጠረዥሽ ላይ «የእኔ ይሻላል» ከማለትሽ በፊት ለምን እንደሚሻል ጻፊ።

3. ከአገርሽ ሰዎች ጀምሪ።

መምህራን ተማሪን ከቻይናና ከኢራን ጽሑፍ ሲያስጀምሩ አያለሁ፤ ክፋት የለውም። አንቺ ግን ደጃፍሽ ላይ ያለውን አስቀድሚ። እነ አበበ በላይ እ.ኤ.አ. በ2008 በአልትራቫዮሌት ስፔክትሮሜትር የኢትዮጵያ ቡና ፍሬዎችን ለክተው 1 በመቶ ግድም ካፌይን አግኝተዋል። መዓረግ አማረና ሽመልስ አድማሴ እ.ኤ.አ. በ2012 ግላሲ ካርቦን ኤሌክትሮድን በፖሊመር ለብጠው ካፌይን በቡና ውስጥ የለኩበትን ሥራ «ታላንታ» ላይ አሳተሙ። ከዚያ መዓረግ አማረና ሰናይት አክሎግ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ባሕር ዳር ላይ፣ ሊግኒንን ተጠቀሙ። ሊግኒን እንጨትን የሚያጠነክረው ቁስ ነው፤ ወረቀት ፋብሪካ እንደ ቆሻሻ የሚጥለው። ውድ ናኖቲዩብ ሳይሸምቱ አንድ ስስ ልባስ አደረጉትና አራት አካባቢ ለኩበት፤ ወምበራ 0.164 በመቶ፣ ወለጋ 0.134፣ ፍኖተ ሰላም 0.097፣ ዘጌ 0.089።

ይህን ሥራ የምወደው ጥያቄ ስላለው ነው። ጠጪዎች ከሁሉ የሚመርጡት የወምበራን፣ ከሁሉ አሳንሰው የሚመርጡት የዘጌን ነው፤ ካፌይኑ ከዚህ ጋር ይሄዳል ወይ? ብለው ጠየቁ፤ ይሄዳል አሉ። አንቺ ግን ተማሪ ነሽና ሁለት ነገር ጠይቂ። አራት ቦታ አራት ነጥብ ነው፤ በአራት ነጥብ ቅደም ተከተል መግጠሙ ምክንያቱን አያረጋግጥም። የቡና ምሬት አብዛኛው ከካፌይን አይመጣም፣ ከአቆላልና ከሌሎች ቁሶች ነው፤ ስለዚህ ሰው ወምበራን የሚወደው በሌላ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ የ2008ቱ 1 በመቶ ብሎ የ2017ቱ ከ0.2 በታች ሲል ልዩነቱ ስድስት እስከ አሥራ አንድ እጥፍ ነው። ይህን ያህል ልዩነት ከመሬትና ከዝርያ ብቻ አይመጣም፤ ፍሬው እንዴት ደቀቀ፣ በስንት ውሃ፣ በምን ሙቀት፣ ለስንት ደቂቃ ወጣ የሚለውን ጎን ለጎን አስቀምጠሽ እዪ። ሁለት ጽሑፍ ስታወዳድሪ ውጤቱን ከማወዳደርሽ በፊት አወጣጡን አወዳድሪ። የቀደሙሽን በአክብሮት መመርመር ድፍረት አይደለም፤ እነሱም የጻፉት እንዲመረመር ነው።

4. አሲድን በውሃ ላይ እንጂ ውሃን በአሲድ ላይ አታፍስሺ። ይህንን ታውቂዋለሽ፤ ቢሆንም እጽፈዋለሁ።

5. ልባሱን ለማመን አትቸኩዪ።

ናኖ ቁስ ስትቀቢ ፒኩ ያድጋል፤ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ያድጋል። የገጽታው ስፋት ጨመረ፤ አብሮ ግን የመነሻው ጅረትም ጨመረ። ፈሳሹ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ተይዞ እንደ ስስ ንብርብር ሲሠራ ፒኩ ወደ ዝቅተኛ ቮልት ሊሸሽ ይችላል፤ ጸሐፊው ደግሞ «ካታሊሲስ!» ብሎ ይጽፋል። በኦክስፎርድ የሪቻርድ ኮምፕተን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳየው፣ በአንዳንድ ናኖቲዩብ የታየው ጉብዝና ከካርቦኑ ሳይሆን ናኖቲዩቡ ሲበቅል ከቀረው የብረት ቅሪት የመጣ ነበር።

ከዚህ የባሰውን ልንገርሽ። ፕራግ ውስጥ ያሉት እነ ማርቲን ፑሜራ እ.ኤ.አ. በ2020 ግራፊንን በምን ብንቀላቅለው ይሻሻላል የሚለው ውድድር ሰለቻቸውና በወፍ ኩስ ቀላቀሉት። ተሻሻለ! ጽሑፉንም «ኤሲኤስ ናኖ» ላይ አሳተሙት፤ ርዕሱ ራሱ ስድብ አለበት። አንቺም ልባስሽ ጎበዝ ነው ከማለትሽ በፊት አራት ነገር ጎን ለጎን አስቀምጪ፤ ያልተለበጠውን ኤሌክትሮድ፣ ልባሱን የሚሸከመውን ሟሚ ብቻ የተቀባውን፣ ርካሹን ተራ ካርቦን የተቀባውንና ያንቺን። ያንቺ ከተራው የከሰል ዱቄት ካልበለጠ በከሰሉ ሥሪ። ዋጋው ይቀንስልሻል፣ ለገጠር ላብራቶሪም ይቀርባል። ፈታኞችሽ ምናልባት አይወዱት ይሆናል፤ ምክንያቱም «ናኖ» የሚለው ቃል ከርዕሱ ይወጣል።

6. ካፌይን ገደል ጫፍ ላይ የሚቆም ሞለኪውል ነው።

ኦክሲጅን ከውሃ መውጣት ከሚጀምርበት አጠገብ፣ በብር/ብር ክሎራይድ ማመሳከሪያ 1.4 ቮልት ገደማ ላይ ነው ኤሌክትሮኑን የሚሰጠው። እዚያ አካባቢ የውሃው ጅረት እየናረ ስለሚሄድ የካፌይን ፒክ በገበያ ጫጫታ መካከል እንደሚሰማ ሹክሹክታ ነው። ለዚህ ነው ሰዎች ወደ አሲድ የሚሄዱት፤ ለዚህ ነው ቦሮን የገባበት አልማዝ ኤሌክትሮድ ያለ ምንም ልባስ ጥሩ የሚሠራው፤ የአልማዙ ጫጫታ ትንሽ ነው። ሞለኪውሉ በድምሩ አራት ኤሌክትሮንና አራት ፕሮቶን ይሰጣል፤ መጀመሪያ ሁለት፣ ከዚያ ሁለት ይባላል። መመለሻ ፒክ የለውም፤ ወደ ኋላ ስትጠርጊ ባታዪ አትደንግጪ።

ማመሳከሪያሽን ሁልጊዜ ስሙን ጻፊ። «1.4 ቮልት» ብቻውን ግማሽ ቁጥር ነው።

ስለ ናፊዮን ደግሞ አንድ ነገር። ብዙዎች ናፊዮን የሚባለውን ፖሊመር ይቀቡና «ኔጌቲቭ ስለሆነ አስኮርቢክ አሲድን፣ ዩሪክ አሲድንና ክሎሮጄኒክ አሲድን ይገፋል» ብለው ይጽፋሉ። ፒኤች 7 ላይ እውነት ነው። ግን ካፌይንን የለኩት በ0.1 ሞላር ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ፣ ፒኤች 1 ገደማ ላይ ነው! አስኮርቢክ አሲድ ፕሮቶኑን የሚለቀው ፒኤች 4 አካባቢ ሲደርስ ነው፣ ዩሪክ አሲድ ከ5 በላይ፣ ክሎሮጄኒክ አሲድ ከ3 በላይ። ፒኤች 1 ላይ ሁሉም ቻርጅ የላቸውም፤ ናፊዮን የሚገፋው ነገር የለም። ውጤቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ማብራሪያው ግን ከሌላ ጽሑፍ የተቀዳ ነው። አንቺ ማብራሪያ አትቅጂ። ጣልቃ ገቢውን ራስሽ ጨምሪና ለኪ፤ ካልተገፋ አልተገፋም በዪ።

7. ዝንጅብሉን አትርሺ።

የባሕር ዳር መምህራንሽ የሚያውቁት ቡና ቢበዛ ጨው ወይም ጤና አዳም ቢገባበት ነው። አንቺ ግን የጀሪፍ ልጅ ነሽ። የሱዳን ጀበና ከቡናው ጋር ዝንጅብሉ ፉንዱክ በሚባለው ሙቀጫ ተወቅጦ ነው የሚፈላው፤ ስኳሩም ለጥርስ የሚያሳዝን ነው። የዝንጅብሉ የሚያቃጥሉ ቁሶች ፌኖሎች ናቸው፤ ፌኖል ደግሞ ኤሌክትሮድ ላይ ሲቃጠል ሙጫ የመሰለ ንብርብር ትቶ ገጽታውን ያደነዝዛል። ከካፌይን በፊት፣ ዝቅ ባለ ቮልት ስለሚሄዱ በፒኩ ላይ አይደርቡ ይሆናል፤ ግን ካፌይኑ እስኪደርስ ኤሌክትሮዱ ቆሽሾ ይጠብቀዋል። የቡናው የራሱ ክሎሮጄኒክ አሲድም ፌኖል ነው፤ እሱም በብዛት አለ። መድኃኒቱ ማቅጠን ነው፤ ደግሞም በንጹሕ ውሃ ላይ የሠራሽውን የመለኪያ መስመር ለስኒው እንዳለ አለመጠቀም ነው። ስኒው ውስጥ የታወቀ ካፌይን ደረጃ በደረጃ እየጨመርሽ ሂጂ፤ መስመሩ በራሱ በቡናው ውስጥ ይሠራ። ሁለቱ መስመሮች ተዳፋታቸው እኩል ከሆነ ዕድለኛ ነሽ። ካልሆነ ልዩነቱን አውጂው፤ ያ ልዩነት ራሱ አንድ ምዕራፍ ነው።

ይህን አጥብቄ የምለው ስለ ሱዳን ጀበና የሚጠይቅሽ ፈታኝ ስለማይኖር ነው። ለጀሪፍ ሰው ግን ያለ ዝንጅብል የተለካ ቡና የማንም ቡና አይደለም።

8. ኤሌክትሮዱን በትዕግሥት ወልውዪ።

አሉሚናው 1፣ ከዚያ 0.3፣ ከዚያ 0.05 ማይክሮሜትር፤ በየመሃሉ ታጠቢያለሽ፣ የስምንት ቅርጽ እየሠራሽ ታሺያለሽ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ጠዋት የታሸውና ከሰዓት በኋላ የታሸው አንድ ዓይነት ፒክ ካልሰጡሽ ስለ ናኖ ቁስሽ የምትጽፊው ሁሉ ስለ እጅሽ የተጻፈ ነው። አንድ ኤሌክትሮድ አምስት ጊዜ መለካትና አምስት ኤሌክትሮድ ለብጦ አንድ አንድ ጊዜ መለካት የተለያዩ ፈተናዎች ናቸው። ጽሑፎች የመጀመሪያውን ይወዳሉ፣ ሁለተኛውን ያድበሰብሳሉ። አንቺ ሁለተኛውን አስቀድሚ፤ ገዢ የሚያስጨንቀው እሱ ነው።

9. ዕቃ ግምጃ ቤት ያለውን የካፌይን ጠርሙስ መለያ አንብቢ። ውሃ ያዘለውና ያላዘለው አንድ አይደሉም፤ ባለ አንድ ሞለኪውል ውሃውን እንደ ደረቅ ብትመዝኚው እስከ 8 በመቶ ገደማ ትስቻለሽ፤ ያ ስሕተት ደግሞ በመላው ሥራሽ ላይ ሳይታይ ይዘልቃል። አድርቂው፣ መዝኚው፣ መዝግቢ።

10. ምስክር ይኑርሽ።

ለቡና ካፌይን የታወቀው ዓለም አቀፍ ዘዴ በኤችፒኤልሲ የሚሠራው አይኤስኦ 20481 ነው። ዩኒቨርሲቲሽ መሣሪያው ባይኖረው ወይም ተበላሽቶ ቢቆም፣ ናሙናውን በበረዶ አሽገሽ የሚሠራበት ቦታ ላኪ። ደብዳቤ ጻፊ፣ ለምኚ፣ ደጅ ጥኚ። አንድ አምስት ስድስት ናሙና በሁለቱም ዘዴ ይለካ፤ አንዱ ዘዴ ሌላውን ሳያውቅ። ንጹሕ ካፌይን ጨምሮ መልሶ ማግኘት ጥሩ ነው፤ ሁሉም ከ93 እስከ 102 በመቶ መለሰልኝ ይላል። ግን የተጨመረው ካፌይን ነፃ ነው፣ በፍሬው ሴል ውስጥ አልተቆለፈም፤ እሱን መልሶ ማግኘት የሚያረጋግጠው ልኬቱን እንጂ አወጣጡን አይደለም።

11. ለምን አቦል ቶና በረካን አትለኪም?

ይህ ከሁሉ የምመኘው ነው፤ ልትቀበይውም ልትተዪውም ትችያለሽ። ካፌይን በቀዝቃዛ ውሃ መጠነኛ ነው የሚሟሟው፤ በክፍል ሙቀት በሊትር 20 ግራም ገደማ። በሚፈላ ውሃ ውስጥ ግን ከ600 ግራም ያልፋል። ከአንድ ጀበና፣ ከአንድ ዱቄት፣ ሦስት ጊዜ ውሃ ሲጨመር የመጀመሪያው ስኒ ምን ያህል ይወስዳል፣ ለሦስተኛው ምን ይተርፋል? እናቶቻችን ለልጅና ለአሮጊት በረካ የሚሰጡት ልማዱ ስለሆነ ብቻ ነው ወይስ ምላሳቸው የለካው ነገር አለ? ያቺ ነፍሰ ጡር ጎረቤት አቦሉን ትታ ቶናውን ብትጠጣ ስንት ሚሊግራም ታተርፋለች? ይህን ለመመለስ ናኖሞላር አያስፈልግሽም፤ የሚያስፈልግሽ የማይዋዥቅ ኤሌክትሮድ፣ ልከኛ መስፈሪያና በየቤቱ ቡና ልትጠጪ የምትገቢበት ፈገግታ ነው። የጀበናው መጠን፣ የዱቄቱ ክብደት፣ የእሳቱ ጊዜ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ልዩነቱን አትደብቂው፣ እሱን ለኪው። ሁሉን ነገር እኩል አድርገሽ በቤተ ሙከራ ብታፈዪው ቁጥሩ ያምራል፣ ግን ያንን ቡና የሚጠጣ ሰው የለም።

ቡድን ካገኘሽ የጎንደሩን አቦል ከሱዳኑ ጀበና ጋር አወዳድሪ። እናትሽ አሁን ጎንደር ሆና ለሁለቱም ደንበኛ ታፈላለች፤ ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ካርቱም በጦርነት ስትታመስ በገዳሪፍና በመተማ አድርገን ስንወጣ፣ ጀበናዋን ልብስ ውስጥ ጠቅልላ ያመጣችው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

12. መብራት በሌለበት የሚሠራ ነገር አስቢ።

ጀሪፍ ላይ መብራት ሲጠፋ የኮሌጁ ትልቁ መሣሪያ ሁሉ ይቆም ነበር። የኤሌክትሮኬሚስትሪ ጸጋው ትንሽ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የካሊፎርኒያ ሰዎች ቺፕስታት የሚባል ፖቴንሽዮስታት ከ80 ዶላር በታች በሆነ ዕቃ እንዴት እንደሚሠራ ንድፉን ለማንም ክፍት አድርገው አሳትመዋል። እንዲህ ያለ ነገር በባትሪ ይሠራል፤ መተማ ኬላ ላይ፣ ማኅበር ቤት ውስጥ፣ የገበሬዎች ዩኒየን መጋዘን ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። የናኖ ሥራሽ ሕይወት የሚያገኘው ከዚህ ጋር ሲጋባ ነው፤ ግላሲ ካርቦንን እያሹ መቀባት ለኬላ አይሆንም፤ ታትሞ የሚጣል የካርቦን ኤሌክትሮድ ግን ይሆናል። ልባስሽ በእሱ ላይ ይይዛል? ሳጥን ውስጥ ወር ቢቀመጥ፣ በመተማ ሙቀት፣ ያንኑ ፒክ ይሰጣል? ይህን የሚጠይቅ ጽሑፍ ትንሽ ነው፤ ምክንያቱም መልሱ ብዙ ጊዜ ያሳፍራል።

13. የናሙናውን ባለቤት እወቂ።

እ.ኤ.አ. በ1964 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ቡድን ከኢትዮጵያ የቡና ዘር ሰብስቦ ወሰደ። ከዚያ ዘር የወረዱ ሦስት ዛፎች፣ ብራዚል ውስጥ፣ ካፌይን አልባ ማለት ይቻላል ሆነው ተገኙ፤ ከተለመደው 1 በመቶ በላይ ይልቅ 0.07 በመቶ ያህል ብቻ የያዙ። ዜናው እ.ኤ.አ. በ2004 «ኔቸር» ላይ ወጣ፤ ዛፎቹም በብራዚላዊ ተመራማሪ ስም ተጠሩ። በኢትዮጵያ በኩል ብዙ ቅሬታ ተነሣ፣ ተገቢም ነበር። እንዲህ ያለ ዛፍ ከጫካ ውስጥ የሚገኘው በሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎችን በርካሽ በመለካት ነው፤ ያንቺ ኤሌክትሮድ፣ ከተሳካ፣ በትክክል ለዚህ ይሆናል። በዓለም ላይ ካፌይን አልባ አረቢካን ለመፈለግ ከኢትዮጵያ ጫካ የተሻለ ቦታ የለም፤ ከእሱ ቀጥሎ የደቡብ ሱዳን ቦማ አምባ ነው፣ እዚያም የዱር አረቢካ ይበቅላል።

ስለዚህ ዘጌ ገብተሽ ፍሬ ስትለቅሚ ከገዳሙም ከገበሬውም ፈቃድ ጠይቂ። ከረጢቱ ላይ ቀበሌውን፣ የቡናውን የአካባቢ ስም፣ በጥላ ሥር መሆን አለመሆኑን፣ የተለቀመበትን ቀን፣ በጀንፈሉ ደርቆ ወይም ታጥቦ መሆኑን ጻፊ። የሰውዬውን ስም በማስታወሻሽ ያዢ፤ ጽሑፍሽ ላይ ካልፈቀደ አታውጪው። ሥራው ሲያልቅ በእንግሊዝኛ ያሳተምሽውን አንድ ገጽ በአማርኛ አድርገሽ አድርሺለት፤ በማይክሮሞላር አይደለም፣ ከእሱ ቡና በሚፈላ አንድ ስኒ ስንት ሚሊግራም እንዳለ፣ አቦሉም በረካውም።